ስማችሁ ስንት ነው?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ፓስፖርት የሚሠራው የት ነው ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሳችሁ ምን ይሆናል? አንዳንዱ «አዲስ አበባ» ይላል። ሌላው «ባሕር ዳር፣ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ» ይላል። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ብዙ ዘመድ አዝማድ እየጠራኝ፣ እኔም ደስ እያለኝ ሳግዝ ስለ ኖርሁ፣ ከልምድ የተማርሁትን ልንገራችሁ። ፓስፖርት የሚታተመው ከተማ ነው፤ የሚሠራው ግን ቤት ነው። የሚሠራው ቡና በሚፈላበት፣ አያት በሚተርክበት፣ የክርስትና እናት በምትጠየቅበት፣ የቀበሌው ሹም መዝገቡን በሚገልጥበት ስፍራ ነው። በመስኮቱ ፊት የቆመ ባለጉዳይ ወይ ሥራውን ጨርሶ የመጣ ነው፣ ወይ ሥራውን ሳይጀምር የመጣ ነው፤ መካከለኛ የለውም።

እንግዲህ የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ወረፋና ስለ ክፍያ ብቻ አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ ስለሚመጣው ነገር፣ ይኸውም ስለ ስማችሁና ስለ ልደታችሁ ቀን ነው። ለመሆኑ የአንድ ሰው ስሙ ስንት ነው? «አንድ ነው እንጂ! ይህ ምን ጥያቄ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ከሣጥን አውጡና መደቡ ላይ ደርድሩት፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

በእኛ አገር በምሥራቅ ጎጃም የድሮ ሰው ወረቀት ሳይዝ ሩቅ ይሄድ ነበር። ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ዐባይ የወረደ፣ በሰባራ ድልድይ አድርጎ ወደ በጌምድር የተሻገረ መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነበር። መልሱም አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ይቆጠራል። ከተቆጠሩት መካከል አንዱን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ መንገደኛው እንግዳ መሆኑ ይቀርና ዘመድ ይሆናል፤ እራት ይቀርብለታል፤ መኝታ ይነጠፍለታል። ኬላ ጠባቂም ቢሆን የሚፈልገው ቀረጡን ነው እንጂ የልደት ቀኑን አይደለም።

በሌላውም ዓለም ነገሩ ከዚህ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በብዙው የአውሮፓ አገር ሰው ያለ ፓስፖርት ይዘዋወር ነበር። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን መንግሥታት ድንበራቸውን አጠበቁ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920 የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፓሪስ ላይ ጉባኤ ጠርቶ ፓስፖርት በየአገሩ አንድ ዓይነት መልክ ያለው ደብተር እንዲሆን አስመከረ። አገራችንም ማኅበሩን የተቀላቀለችው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1923 ነው። እንግዲህ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ጠያቂው ብቻ ተለወጠ። የዛሬው ጠያቂ ዘመዶቻችሁን አያውቅም። የሚያውቀው ወረቀታችሁን ብቻ ነው።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ እንዲታያችሁ የአክስቴን ጉዳይ ላጫውታችሁ። አክስቴ የተወለዱት ከብቸና ወጣ ብላ ባለች አንዲት ገጠር ነው፤ ተድረው የሚኖሩት ሞጣ ነው። የበኩር ልጃቸው ውጭ አገር ከሄደ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞልቶት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጥቂት ወራት ሲቀራት «እናቴ መጥታ አራሷን ታግዝልኝ፤ እኔም ዓይኗን ልየው» ብሎ ላከ። አክስቴም ወሬውን እንደ ሰሙ የመጀመሪያ ሥራቸው የገንፎ እህል ማስለቀም ሆነ። ፓስፖርት የሚባለው ነገር ትዝ ያላቸው ዱቄቱ ተፈጭቶ ከተነፋ በኋላ ነው።

እኔን አስጠርተው ሣጥናቸውን ሲከፍቱ ሦስት ወረቀት ወጣ። አንደኛው የቀበሌ መታወቂያቸው ነው፤ ሁለተኛው ከብቸናው ውርስ የደረሳቸው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው፤ ሦስተኛው ልጃቸው ሲሄድ ያወጣው የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ነው፤ በእሱም ላይ የእናት ስም ተጽፎበታል። በመታወቂያው የአያታቸው ስም በዓለም ስሙ ተጽፎአል። በመሬት ደብተሩ በክርስትና ስሙ ተጽፎአል። በልጁ ወረቀት ደግሞ የእሳቸው የራሳቸው ስም በሰፈር አጠራር አጥሮ ተቀምጦአል። ዕድሜያቸውም በአንዱ ወረቀት ከሌላው በሰባት ዓመት ይበልጣል።

እኔም «እትዬ፣ ስምዎ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሣቁና «ልጄ፣ እናቴ ያወጣችልኝ አንድ ስም ነው፤ የቀረውን ጸሐፊ ነው የጨመረብኝ» አሉኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ነገሩ ቢያሥቅም ቀልድ አይደለም። ለሰፈሩ ሰው ሦስቱም ወረቀቶች የአንዲት ሴት ናቸው፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃቸዋል። ለማያውቃቸው ሹም ግን ሦስት ሴቶች ናቸው። ሹሙም ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ከሦስቱ የትኛዋ ፊቱ እንደ ቆመች የሚነግረው ነገር ስለሌለው ነው።

አስቀድመን የያዝነው የልደቱን ቀን ነው። አክስቴን «መቼ ተወለዱ?» ብትሏቸው «አውሮፕላን በመጣበት ዘመን» ይላሉ። ይህ ለሌላ አገር ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ ለብቸናና ለሞጣ ሰው ግን የተሟላ መልስ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ባላገር «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊነካ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ዐመፁም በሞጣና በብቸና አውራጃዎች በረታ። መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። በዚያ ዘመን የተወለደ ሁሉ ልደቱን የሚያስታውሰው በዚያ ድምፅ ነው።

ዓመቱን በዚህ ያዝነው፤ ወሩና ቀኑ ቀረ። ለዚህ ደግሞ ወደ ብቸና ሄጄ የአክስቴን የክርስትና እናት ጠየቅሁ። እኒህ እናት ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ልባቸው ግን ያልደከመ ነበሩ። «የተወለደችው በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። ክርስትና ያነሣኋት በጳጉሜን ሩፋኤል ነው፤ ዕለቱም እሑድ ነበር፤ ዘመኑም ዮሐንስ ነበር። ዝናቡ ነጠላዬን አርጥቦት በእርጥቡ አቅፌአት ገባሁ» አሉኝ።

ይህን ቃል ይዤ ሒሳብ ከሚያውቁ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። እሳቸውም በጣታቸው አንጓ እየቈጠሩ እንዲህ አስረዱኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ትጠመቃለች። ከጳጉሜን 3 ቀን ወደ ኋላ ሰማንያ ቀን ሲቈጠር ሰኔ 13 ላይ ያርፋል፤ ሰኔ 13 ደግሞ የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቃሎች ገጠሙ። ዘመነ ዮሐንስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ 1956ም፣ 1960ም፣ 1964ም ዮሐንስ ናቸው። ጳጉሜን 3 ቀን ግን በ1956 ማክሰኞ፣ በ1964 ዓርብ ነበር የዋለው፤ እሑድ የዋለው በ1960 ነው። አውሮፕላኑም የመጣው በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ የአክስቴ ልደት ሰኔ 13 ቀን 1960 ዓ.ም. ሆኖ ተገኘ።

አያችሁ? «ያልተማረ ሰው የልደት ቀኑን አያውቅም» የሚባለው ንግግር እውነት አይደለም። ያውቃል፤ ነገር ግን የሚያውቀው በቁጥር ሳይሆን በበዓል፣ በዝናብና በአገር ታሪክ ነው። የሚያስፈልገው ቀስ ብሎ የሚጠይቀውና የሚቈጥርለት ሰው ብቻ ነው። ሞጣ የሙስሊም ወገኖቻችንም አገር ናትና በረመዳን ወይም በመውሊድ ለተወለደም መንገዱ ያው ነው። ልዩነቱ የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በዓሉ በየዓመቱ እየቀደመ መምጣቱ ነው፤ ስለዚህ ከበዓሉ ጋር ክረምት ነበር ወይስ በጋ፣ አዝመራው ቆሞ ነበር ወይስ ታጭዶ የሚለውንም ጨምራችሁ ጠይቁ። ይህ ድካም የማይረባ እንዳይመስላችሁ። ቀኑ ያልታወቀ ሰው በውጭ አገር መዝገብ ዘወትር በጃንዋሪ 1 ይጻፋልና፣ ልደታቸው ሁሉ በአንድ ቀን የሆነ ስንት ስደተኞች አሉ።

ቀኑ ከታወቀ በኋላ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ማዞር ይመጣል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰኔ የእኛ ዐሥረኛ ወር ስለ ሆነ የአክስቴ ቀን በቁጥር ሲጻፍ 13/10/1960 ይሆናል። ይህን ቁጥር እንዳለ ወስዶ በውጭ ቅጽ ላይ የሚጽፍ ሰው ኦክቶበር 13 ቀን 1960 ብሎ ያነበዋል፤ አክስቴንም ባንድ ጊዜ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያስረጃቸዋል። ትክክለኛው ጁን 20 ቀን 1968 ነው። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ጻፉት እንጂ በቁጥር ብቻ አትተዉት።

ደንቡ አጭር ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ አውሮፓውያን ዓመት ፍጻሜ ድረስ ለተወለደ ሰው 7 ዓመት ይደመራል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን ወዲህ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ግን 8 ዓመት ይደመራል። በተጨማሪም ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 ቀን የሚውለው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነው። ለምሳሌ ያህል መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት በዚያ ዓመት እስከ የካቲት ድረስ ይዘልቃል። አንድ ቀን ምን ያደርጋል እንዳትሉ፤ ወረቀትን ከወረቀት ለሚያስተያይ ሰው አንድ ቀንና ዐሥር ዓመት እኩል ስሕተት ናቸው።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። የራሳችን ስም አለ፤ የአባት አለ፤ የአያት አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢያዝም፣ ልማዱ ግን ሕጉን አልተከተለም። በፓስፖርታችን ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚቆመው የአያት ስም ነው። ስለዚህ ውጭ አገር የሄደ ሰው በሐኪም ቤትም፣ በትምህርት ቤትም የሚጠራው አንዳንድ ጊዜ ዓይኑን እንኳ ባላየው በአያቱ ስም ነው። ብዙዎቻችን ከሦስቱ ስሞች ሁሉ ቸል የምንለው የአያትን ነው፤ ባሕር ማዶ ግን ከሁሉ በፊት የሚነበበው እሱ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ላይ እናትና ልጅ አንድም የጋራ ስም የላቸውም። በአገራችን ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትለውጥም፤ ልጁ ደግሞ በአባቱ ይጠራል። የአክስቴን ፓስፖርትና የልጃቸውን ፓስፖርት ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የሚያዛምዳቸው አንዲት ፊደል አታገኙም። እናትነታቸውን የሚናገረው ብቸኛ ነገር በልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ «የእናት ስም» የሚለው አንድ መስመር ነው። ያ መስመር ከእናትየው ፓስፖርት ጋር ካልገጠመ ዘጠኝ ወር የተሸከመች እናት በቪዛ ሰጪው ፊት ባዕድ ትሆናለች። ስለዚህ አንባቢዎቼ ሆይ፤ የአንድ ሰው ፓስፖርት የአንድ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእናት ከልጅ፣ የባል ከሚስት ወረቀት ጋር የታሰረ ነው።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። በፓስፖርት ላይ መሣሪያ የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት ይይዛሉ፤ ስም የሚጻፍባቸውም በ26ቱ የላቲን ፊደላት ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ ለጸ፣ ለቀ፣ ለጨ የሚሆን ቦታ የለም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ በቲና በኤስ፣ አንዱ በኤስ ብቻ፣ ሌላው በቲና በዜድ ይጽፈዋል። «ቀለሟ» የሚለውን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጀምረዋል። ሁሉም ጸሐፊ ትክክል ነው፤ ወረቀቶቹ ግን አይገጥሙም። «ወልደ ሚካኤል»፣ «ገብረ ማርያም» የሚሉ ስሞች ደግሞ ተለያይተው ሲጻፉ ሁለተኛው ቃል የአባት ስም ይመስልና አባትየው አያት፣ አያትየው ደግሞ ከወረቀቱ ውጭ ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ ነው። ቤተሰብ ተቀምጦ የስሙን የላቲን አጻጻፍ ይወስን፤ የተወሰነውም በደማቅ ቀለም በወረቀት ላይ ይጻፍና ባለጉዳዩ በሄደበት ሁሉ ያሳየው። «ጸሐፊው ያውቃል» ብላችሁ አትተዉት፤ ጸሐፊው ፊደል ያውቃል እንጂ አያታችሁን አያውቅም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ከምን መጣ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ጥሩ አድርጎ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሕግ በቁጥር 3361 መዝገቡ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በትእዛዝ እንዲነገር ተባለ። ያ ትእዛዝ ሳይወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 760 ወጣ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረውም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው ተመዝግቦ የተገኘው ከመቶ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ከእኛ መካከል አብዛኛው ሰው የተወለደው መዝገብ በሌለበት አገር ነው። የልደት ወረቀታችን የተጻፈው ሕፃን ሳለን ሳይሆን አድገን ጉዳይ ሲገጥመን፣ በችኮላና በምስክር ቃል ነው። ስም የሚበዛውም ስለዚህ ነው።

በአክስቴ ጉዳይ ያደረግነው ይህ ነው። የአገር ሽማግሌዎችን ይዘን ፍርድ ቤት ቀረብን፤ ምስክሮች ተሰሙ፤ በሦስቱ ወረቀቶች ላይ ያሉት ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸው በጽሑፍ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ቀበሌው ልደታቸውን በተረጋገጠው ስምና በሰኔ 13 ቀን 1960 መዘገበ፤ መታወቂያቸውም በዚያው ስም ታደሰ። ማመልከቻው በኢንተርኔት የተሞላው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እናንተም በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄዱ ይበጃችኋል። መጀመሪያ ወረቀቶቻችሁን አስተያዩ። ያልገጠመውን ከሥሩ፣ ይኸውም ከቀበሌና ከፍርድ ቤት አቃኑ። የልደት ምስክር ወረቀታችሁን አውጡ። የፋይዳ መታወቂያ ስታወጡም ስማችሁንና ቀናችሁን መዝጋቢው ከመዝጋቱ በፊት በገዛ ዓይናችሁ አንብቡት፤ ወደፊት ሌላው ወረቀት ሁሉ የሚመሳከረው ከዚያ ጋር ነውና። ማመልከቻውን የምትሞሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚሞላላችሁ ሰው ቢኖርም «ላክ» ከማለቱ በፊት ፊደል በፊደል ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።

ክፍያውን ሁልጊዜ በዕለቱ ጠይቁ። መደበኛው ፓስፖርት ቀድሞ 600 ብር ነበር፤ በኋላ 2,000፣ ከዚያም 5,000 ብር ደረሰ፤ ለአስቸኳይ የሚከፈለውም ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በአምና ዋጋ የሚመክራችሁን ሰው አትመኑ፤ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚለውን ደላላ ግን ከሁሉ ይልቅ አትመኑ። ደላላ ወረፋ ያሳጥር ይሆናል እንጂ ሦስት ስም አንድ አያደርግም።

ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከብቸና የሚነሣ ሰው ደግሞ በደብረ ወርቅ አድርጎ መጀመሪያ ሞጣ ይደርሳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ የተዘጋበትና የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ ብዙ ነው። በሰላሙ ዘመን አንድ ወረቀት ረስቶ መመለስ የአንድ ቀን ድካም ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ግን ከድካም የሚያልፍ ነገር ነው። ስለዚህ ዋናውንም ቅጂውንም ይዛችሁ ውጡ፤ ከመነሣታችሁም በፊት መንገዱን ጠይቁ። ለሽማግሌዎችና በወፍጮ፣ በእንዝርትና በእርሻ እጃቸው ለሻከረ እናቶችና አባቶች ደግሞ አንድ ትንሽ ምክር አለኝ። አሻራ ሲነሡ የደረቀ ጣት መሣሪያው በቀላሉ አያነበውምና ከመሄዳቸው በፊት ለጥቂት ቀናት እጃቸውን ቅባት ይቀቡ። የአክስቴ ጣቶች የተነበቡት እንዲህ ተደርጎ ነው።

ፓስፖርት ኖሯችሁ ለማሳደስ የምትፈልጉም ብትሆኑ ከዚህ ምክር ነፃ አይደላችሁም። ብዙ አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር ያልቀረውን ፓስፖርት አይቀበሉምና የመጨረሻውን ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለውን ስድስት ወር ቍጠሩ። የተበላሸ ፊደል ቢኖርበት «ሲታደስ ይቃናል» ብላችሁ በደፈናው አትሂዱ። ቪዛችሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ፣ የልጆቻችሁ ወረቀት በዚያ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ፓስፖርቱ ብቻ ሲቃና ሌላው ሁሉ ጠማማ ሆኖ ይገኛል። ማቃናት ከፈለጋችሁ ሁሉንም አቃኑ፤ ያለዚያ ያለውን አንድነት ጠብቁ። በ2017 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት መሰጠት ጀምሮአል፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ቺፕ ግን የሰጣችኋትን ስም ትይዛለች እንጂ ስም አታርምም።

የአክስቴ ፓስፖርት በመጨረሻ ወጣ። ስሙን ለማስታረቅ ብቻ አምስት ወር ፈጅቶብናል፤ ከዚያም የፓስፖርቱና የቪዛው ጊዜ ተጨመረበት። ልጃቸው ዘንድ የደረሱት አራሷ ከተነሣች፣ ሕፃኑም ዳዴ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። የገንፎው ዱቄት ለእናቲቱ አልደረሰም፤ ለልጁ ግን ደረሰ። በቪዛው ጥያቄ ጊዜ «ልጅዎ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ሲባሉ አክስቴ የሚናገሩት ነገር አላስፈለጋቸውም፤ ወረቀቶቹ አንድ ቃል ተናገሩላቸው። እኒያ የክርስትና እናት ደግሞ በተከታዩ ዓመት ዐረፉ። የዝናቡንና የእርጥቡን ነጠላ ነገር አንድ ዓመት ዘግይተን ብንጠይቅ ኖሮ የሚመልስልን ሰው አናገኝም ነበር።

ስለዚህ አንባቢዎቼ ሆይ፤ የመንገድ ሐሳብ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛው፣ በቤታችሁ ዕድሜ የጠገበ ሰው ካለ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጡና ስለ ልደታችሁ ጠይቁት፤ የሚለውንም ከነበዓሉ፣ ከነዘመኑ ጻፉት። የእኛ መዝገብ ለረጅም ዘመን የኖረው በእነዚህ ሰዎች ልብ ውስጥ ነው፤ እነሱ ሲያልፉ መዝገቡም አብሮ ይቀበራል።

ሁለተኛው፣ ሕፃን የተወለደላችሁ እንደ ሆነ በ90 ቀን ውስጥ ወደ ቀበሌው ሄዳችሁ የክብር መዝገብ ሹሙን አስመዝግቡ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ዐሥር ቀን ገና ይቀራታል፤ ወንድ ልጅ ደግሞ ሃምሳ። የክርስትናው ድግስ ጠላ ሳይጠነሰስ የመዝገቡን ነገር ጨርሱ። የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የእናቱንም ስም ሙሉ አድርጋችሁ፣ በዓለም ስም ከሆነ በዓለም ስም አጽኑት። ዛሬ በብቸና ወይም በሞጣ ጭቃ ቤት ውስጥ የሚያለቅሰው ሕፃን ከሃያ ዓመት በኋላ የት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? የትም ቢሄድ ግን «ስምህ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው እንዳይኖር ማድረግ የእናንተ ፈንታ ነው።